ፀሐይ፦ ከምርኮ የተመለሰችው አውሮፕላን

በጦርነት የተማረኩ ወይም የወደቁ አውሮፕላኖች ቅሪት በሙዚየም ሲገኝ፣ የአጥኚዎች ቀዳሚ ሥራ የቅርሱን የዝውውር ታሪክ፣ ማለትም ማን እንደሠራው፣ በማን እጅ እንደነበረና እንዴት እንደተወሰደ፣ የሞተር ቁጥርን፣ በአካሉ ላይ ያለ ጽሑፍን፣ የቆዩ ፎቶግራፎችንና መዛግብትን አመሳክሮ ማረጋገጥ ነው። ለኢትዮጵያ የዚህ ጉዳይ ዋና ምሳሌ «ፀሐይ» ናት።

ይህችን አነስተኛ አውሮፕላን ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በመተባበር የሠራት ሲሆን፣ ስያሜዋም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ የተወሰደ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከበረረች ከወራት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ በወራሪው እጅ ወደቀች፤ ከዚያም ወደ ጣሊያን ተጭና፣ ከሮም በስተሰሜን በብራቻኖ ሐይቅ ዳርቻ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለእይታ ቀረበች።

ስለዚህ በፀሐይ ጉዳይ አከራካሪው የት እንዳለች ሳይሆን የማን እንደሆነች ነበር። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል 37ኛ አንቀጽ፣ ጣሊያን ከመስከረም 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዋጋ ያላቸው ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድድም፣ የአክሱም ሐውልት እስከ 1997 ዓ.ም. ዘግይቷል፤ ፀሐይም ለኢትዮጵያ በይፋ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ይህም የሚያመለክተው የቅርስን መገኛ ማወቅ ብቻውን እንደማያስመልሰው፣ ሰነድ፣ ሕግና ያላቋረጠ ጥያቄ ተደጋግፈው ሊሠሩ እንደሚገባ ነው።