ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ በሬ ስንት ኩንታል እህል ይገዛል?

ድርቅ የዝናብ መጥፋት ነው፤ ረሃብ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ስትመታ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ይህን አስተውሏል። ጉዳዩ የእህል እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገዢዎች እየተሻሙ ዋጋውን ሰማይ ባስነኩት ነበር። ለገበሬ ግን አዝመራው ምግቡም ገቢውም ስለሆነ፣ ሲከስምበት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያጣል፤ መግዣ ስለሌለውም ከገዢዎች ጋር አይሻማም። የሚተርፈው ከብቱ ነው፤ ሳር ስለሌለ ጎረቤቱም ሁሉ ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳል፣ ዋጋውም ይወድቃል። አንድ ከብት ተሸጦ ስንት እህል እንደሚገዛ የሚያሳየው መጠን የልውውጥ ምጣኔ ይባላል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ደግሞ ዝናቡ ቢመለስስ በምን ያርሳል?

«መንገድ ስላልነበረ እህሉ አልደረሰም እንጂ» ብላችሁ ትከራከሩ ይሆናል። ከመንገድ ለራቁ መንደሮች ይህ በከፊል እውነት ነው። ሆኖም በዚያው ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበረ ሴን ጠቅሷል፤ እህል የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነውና (ነጋዴን ብቻ መውቀስም አይበቃም)። የልውውጥ ምጣኔን ራሳችሁ ለማየት፣ ጉለሌ ያላችሁ ተማሪዎች አዲሱ ገበያ ጎራ ብላችሁ የአንድ በግና የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ጠይቁ፤ በጉ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛም አስሉ። ስሌቱን በዐቢይ ጾም አጋማሽና በፋሲካ ዋዜማ ብትደግሙት፣ የጤፉ ዋጋ ሳይነቃነቅ ውጤቱ ሊለወጥባችሁ ይችላል።