ድምፁ ከየት ተመለሰ? የሐይቅ ወለል ካርታና የቦታ መዝገብ

በመንዝ፣ በጓሳ አምባ ጫፍ ቆሞ ወደ ገደሉ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶ ይመልስለታል። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ከለካ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። የቆመበትን ቦታ ካልመዘገበ ግን ያገኘው ርቀት የየትኛው ገደል እንደሆነ ነገ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከባሕርና ከሐይቅ ወለል በታች ያለውን መሬት በድምፅ የሚመረምረው የሳይስሚክ ጥናትም የሚቆመው በሁለት መዝገቦች ነው፤ አንዱ የድምፁ፣ ሌላው የቦታው። የመጀመሪያው ብዙ ይወራለታል። ካርታውን የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው ግን ሁለተኛው ነው።

ጣና የነገረን

ለዚህ የቅርብ ምስክራችን ጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሄንሪ ላምብ ከመሐመድ ኡመር፣ ከእሸቴ ደጀንና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት፣ ከሐይቁ ወለል በታች የተደራረበው ደለል ድምፅን አጥብቀው በሚመልሱ አራት ንብርብሮች የተከፋፈለ መሆኑን አሳየ። ከዳር አካባቢ ናሙና ወጥቶ ሲታይ፣ ከአራቱ የላይኛው በድርቅ የጠጠረ ደለል ሆኖ ተገኘ። በዚያ ገጽ ላይ ወራጅ ውሃ የቦረቦራቸው ቦዮችም ታዩ። ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት መካከሉ ጥልቀት የሌለው ውሃና የደንገል ረግረግ ነበር፤ ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ከዚያ በፊት ባለው ደረቅ ዘመን፣ ከመንዝ ተነስቶ በጀማ በኩል ዓባይ የሚገባው ውሃ ከጣና የሚመጣ አጋር አልነበረውም።

ይህን ታሪክ ለማንበብ በአንድ መስመር ላይ የታየው የቦይ ቁራጭ በጎረቤት መስመር ላይ ከታየው ጋር መገጣጠም አለበት። የሚያገጣጥመውም የቦታ መዝገብ ነው።

ስህተት የሚገባባቸው በሮች

ጀልባዋ ድምፅ አመንጪና ተቀባይ መሣሪያ ይዛ ቀጥ ባለ መስመር ትሄዳለች። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 14 ሜትር ጥልቀት ካለው ወለል ደርሶ ለመመለስ ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ 19 ያህሉን ይፈጃል። መሣሪያው የሚያውቀው ይህን ጊዜ ብቻ ነው። ቦታውን የሚያውቀው ጂፒኤስ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው በር እንግዲህ ሰዓት ነው። በሰከንድ 2 ሜትር በምትጓዝ ጀልባ ላይ ሁለቱ ሰዓቶች በ5 ሰከንድ ቢለያዩ ካርታው በ10 ሜትር ይንሸራተታል። በእኛ አገር ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በማስታወሻ ደብተር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በኮምፒውተሩ 9 ሰዓት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ደግሞ 6 ሰዓት ነው። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ መዝገቡ ከዓመት በኋላ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ሁለተኛው በር ርቀት ነው። ጂፒኤሱ የሚለካው የራሱን አንቴና ቦታ ነው፤ የድምፅ መሣሪያው ግን ከኋላ እየተጎተተ ነው። በውቅያኖስ ላይ መርከቦች ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተቀባይ ገመድ ስለሚጎትቱና የውሃው ፍሰት ገመዱን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ በገመዱ ላይ ኮምፓሶች፣ በጭራው ላይም ጂፒኤስ የተሸከመ ተንሳፋፊ ይታሰራል።

ሦስተኛው በር የካርታው መነሻ ነው፤ ይህ ጓሳንም ይነካል። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን ከተባለ የልኬት ጣቢያ በሚነሳ ሥርዓት ነው። ዛሬ ስልካችንና ጂፒኤሳችን የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። አንድ ነጥብ በሁለቱ ሥርዓቶች በሜትር ሲጻፍ ቁጥሩ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። በጓሳ ጠርዝ ላይ 200 ሜትር የሣር ሜዳንና የገደል አፋፍን የሚለይ ርቀት ነው። በጣና ላይ ደግሞ በአንዱ መስመር የታየውን ቦይ ከሌላው መስመር ሊቆርጠው ይችላል።

አራተኛው የውሃው ከፍታ ነው። ጣና ከክረምት እስከ በጋ ይሞላል፣ ይጎድላል። በመስከረምና በግንቦት የተለካ ጥልቀት ወደ አንድ የጋራ ከፍታ ካልተመለሰ ያልነበረ ጉብታ ይፈጠራል።

መፈተሻውና ማኅደሩ

ጥሩ ጥናት ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ አለው፤ መስመሮቹ እንዲቋረጡ ይደረጋል። ሁለት መስመሮች በተቋረጡበት ነጥብ ላይ ጥልቀቱም ንብርብሩም አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ከአራቱ በሮች አንዱ ተከፍቷል።

መስመሮቹ ከተጣጣሙ በኋላ ኮምፒውተር በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በግምት ሞልቶ ካርታ ይሥላል። ስለዚህ በታማኝ ካርታ ላይ ጀልባዋ የሄደችባቸው መስመሮች መታየት አለባቸው፤ አንባቢው የተለካውን ከተገመተው እንዲለይ።

የባሕር ላይ ሳይስሚክ ባለሙያዎች ለዚህ የቆየ ልማድ አላቸው። ከመሣሪያ እንደወጣ ያለው ጥሬ የጉዞ መዝገብ ፒ2/94 በተባለ ቅርጽ፣ ተስተካክሎ ያለቀው የቦታ መዝገብ ደግሞ ፒ1/90 በተባለ ቅርጽ ተለያይተው ይቀመጡ ነበር፤ በኋላ አዳዲስ እትሞች ተተክተዋል። በፋይሉ አናት ላይ የካርታው መነሻ፣ የመሣሪያዎቹ ርቀትና የጥናቱ ቀን ይሰፍራል። ስሌቱ ስህተት ቢገኝበት ከጥሬው ተነስቶ እንደገና ይሠራል። ጥሬው የተጣለበት ጥናት ግን ከነስህተቱ ይቀራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የነገ ጉዳይ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ደለል ወደ ጣና ያስገባሉ። ሐይቁ ምን ያህል እየተሞላ እንደሆነ የሚታወቀው የዛሬ ልኬት ከሃያ ዓመት በኋላ ካለው ጋር ሲነጻጸር ነው። ተዳፋት በሆነ ወለል ላይ የ200 ሜትር የቦታ ስህተት የደለል ክምችት መስሎ ሊታይ፣ እውነተኛውንም ክምችት ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ሐይቅ የሚለካ ተቋም ሁሉ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ጥሬ መዝገቡን፣ የሰዓቱን ዓይነት፣ የካርታውን መነሻና የዕለቱን የውሃ ከፍታ አብሮ ያስቀምጥ። ወጪው ጥቂት ነው፤ የጎደለ ቀን ግን በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይለካም።