የዘረመል ለውጥን በፕሮቲን ቅርጽ ላይ ማመልከት የበሽታን መንስኤ ለመለየት እያገዘ ነው

በሰው ልጅ ዘረመል ውስጥ የሚታይ ልዩነት ሁሉ በሽታ አያስከትልም። በሁለት ሰዎች መካከል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልዩነቶች ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። ለሐኪሙም ሆነ ለታማሚው ቤተሰብ አስቸጋሪ የሚሆነው ጎጂውን ከማይጎዳው መለየቱ ነው።

ለዚህ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ለውጡ የደረሰበትን ስፍራ በፕሮቲኑ ቅርጽ ላይ ማመልከት ነው። ፕሮቲን በዘረመል መመሪያ መሠረት አሚኖ አሲዶች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውነው ተጣጥፎ በሚይዘው ቅርጽ አማካይነት ነው። በመሆኑም የአንድ ለውጥ ጉዳት የሚወሰነው በቅርጹ ላይ ባረፈበት ስፍራና በተተካው አሚኖ አሲድ ጠባይ ነው።

ለዚህ ቀዳሚ ማሳያ የሚሆነው ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1949 በሽታው ኦክስጅን አጓጓዥ ከሆነው የሄሞግሎቢን ለውጥ እንደሚመነጭ አሳዩ። ቬርነን ኢንግራም በበኩላቸው በካምብሪጅ ባካሄዱት ምርምር እ.ኤ.አ በ1957 ልዩነቱ የአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መሆኑን አረጋገጡ። 146 አሚኖ አሲዶች ባሉት የቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ስፍራ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን ተተክቶ ተገኝቷል።

ይህ ስፍራ የሚገኘው በሄሞግሎቢኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። ቫሊን ውኃን የሚሸሽ ጠባይ ስላለው፣ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ በጎረቤቱ ሄሞግሎቢን ላይ ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ጋር ይጣበቃል። መጣበቁ እየተከታተለ ሲሄድ ረጃጅም ዘንጎች ይፈጠራሉ፤ ቀይ የደም ሕዋሱም የማጭድ ቅርጽ ይዞ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል። በዚያው ስፍራ ላይሲን ሲተካ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ሲ ግን እንዲህ ያለ ዘንግ ስለማይሠራ ሕመሙ ቀለል ያለ ነው።

የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ በቤተ ሙከራ ማወቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አልፋፎልድ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተተነበየ ከ200 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች ቅርጽ እ.ኤ.አ በ2022 ለተመራማሪዎች በነጻ ክፍት ሆኗል። በቀጣዩ ዓመት ይፋ የሆነው አልፋሚስሴንስ ደግሞ ሊከሰቱ የሚችሉ 71 ሚሊዮን ለውጦችን መርምሮ 32 በመቶዎቹ ጎጂ፣ 57 በመቶዎቹ ጉዳት የሌላቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲገምት፣ ስለ ቀሪዎቹ ብያኔ አልሰጠም።

ይሁን እንጂ ትንበያው የላቦራቶሪና የሐኪም ምርመራን አይተካም። የዓለም የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ በመሆኑ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ የሚገኙ በርካታ ለውጦች ትርጉማቸው ገና አልታወቀም። የቅርጽ ካርታው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠውም ይህ ክፍተት ሲሞላ ነው።