ብቻውን የሚዞር መንገደኛ ወዳጅ የሚያፈራበት ምክንያት

ጓዙን በጀርባው አዝሎ ወደ ባዕድ አገር ብቻውን የወጣ ወጣት ሲመለስ ስለ ሕንፃውና ስለ ተራራው ከሚናገረው ይልቅ በመንገድ ስላገኛቸው ወዳጆች የሚናገረው ይበዛል። ከጓደኞቹ ጋር በቡድን የሄደው ግን ብዙውን ጊዜ ይዟቸው ከሄደው ሰዎች በቀር ሌላ ሳይተዋወቅ ይመለሳል። ይህን ብዙ ሰዎች በጠባይ ይተረጕሙታል፤ ተግባቢ የሆነ ያገኛል፤ ዓይን አፋር የሆነ አያገኝም ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ከመንገደኛው ጠባይ ይልቅ የሚያድርበት ቤትና የሚሄድበት መንገድ አሠራር የበለጠ ድርሻ እንዳለው ተረድተናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከማደሪያው ቤት እንጀምር። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ በቬስትፋልያ በምትገኘው በአልቴና ከተማ መምህር ነበር። ተማሪዎቹን ከክፍል እያወጣ በእግር ወደ ገጠር መውሰድ ይወድ ነበር። በ1909 በነሐሴ ወር እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ሳሉ ነጎድጓድና ኃይለኛ ዝናም ያዛቸውና በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ተጠግተው አደሩ። መምህሩም በዚያች ሌሊት አንድ አሳብ መጣለት፤ ይኸውም በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን የሚቀሩት የትምህርት ቤት ክፍሎች ለእግረኛ ወጣቶች ማደሪያ ቢሆኑ ምን ይጐድላል የሚል ነው። በ1912 በአልቴና ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ተደራራቢ የእንጨት አልጋዎቹም ዛሬ በዚያው ግንብ ለጐብኚ ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ ሺርማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ። በ1915 የገና በዓል በቮዥ ተራራዎች በነበረበት ጊዜ የጀርመንና የፈረንሳይ ወታደሮች ተኩሳቸውን አቁመው ምግብና መጠጥ ሲለዋወጡ አየ። የየአገሩ ወጣቶች ከጦር ሜዳ ውጭ የሚገናኙበት ስፍራ ያስፈልጋል የሚለው እምነቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የጀርመን ማኅበር በ1919፤ የእንግሊዝና የዌልስ በ1930 ተቋቋሙ፤ በ1932 በአምስተርዳም ዓለም አቀፉ ማኅበር ሲመሠረት ሺርማን ፕሬዚዳንት ሆነ። ዳሩ ግን ናዚዎች በ1933 የጀርመንን ማደሪያዎች በሂትለር ወጣቶች ድርጅት ሥር አደረጓቸው፤ በ1936ም ሺርማን የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን እንዲለቅ አስገደዱት። ባዕድ ከባዕድ ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት ለእንዲህ ያለ መንግሥት የማይመች መሆኑ አያስገርምም።

የቤቱ ደንብ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው። በእንግሊዝ አገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ሌሊት ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር። የሚገባውም በእግሩ ወይም በቢስክሌት የመጣ እንጂ በመኪና የመጣ አልነበረም፤ በአንድ ቤት ከሦስት ሌሊት በላይ መቆየትም አይፈቀድም ነበር። እንግዳው ሁሉ ጧት ሳይሄድ ወይ ወለሉን መጥረግ፤ ወይ ሳሕኑን ማጠብ፤ ወይ እንጨት ማምጣት ነበረበት። ጀርመኖች ቤቱን የሚያስተዳድረውን ሰው የማደሪያው አባት፤ ሴቲቱን ደግሞ የማደሪያው እናት ይሏቸዋል። የወንዱና የሴቱ መኝታ የተለያየ ሲሆን ማድ ቤቱ ግን አንድ ነበር። ጨው ያልያዘ ሰው ጨው ከያዘው ይለምናል፤ ድንች የተረፈው ሽንኩርት ከተረፈው ጋር ያዋህዳል፤ ከዚያም አንዱ ሲያጥብ ሌላው ያደርቃል። ከእኛ መካከል በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉት ለዚህ ነገር ማስረጃ አያሻቸውም፤ አብሮ ሳሕን ያጠበ ሰው ስም ሳይጠይቅ አይለያይም።

እዚህ ላይ ከአገራችን ልማድ ጋር ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። በኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም እግሩን አሳጥቦ፤ ካለው አብልቶ ያሳድረዋል። ይህ ታላቅ ልማድ ነው። ዳሩ ግን አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ነው፤ ወዳጅነቱም ከባለቤቱ ጋር ነው እንጂ ከሌላ መንገደኛ ጋር አይደለም። በወጣቶች ማደሪያ ቤት ግን ሁሉም እንግዳ ነው፤ ለማንም ውለታ ያለበት የለም። የመንገደኞች ጓደኝነት ቶሎ የሚቀናው ከዚህ እኩልነት የተነሣ ይመስለናል።

ይህን አሳብ የኅብረተሰብ ተመራማሪዎች ሥራ ይደግፈዋል። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ በ1950 ባሳተሙት ጥናት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደ ተወዳጀ መረመሩ። ያገኙትም ወዳጅነትን ይበልጥ የሚወስነው የበሮች መቀራረብና የደረጃው አቀማመጥ መሆኑን ነው። ደጋግሞ የተገናኘ ሰው ይወዳጃል።

የመንገድ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በስፔን ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር፤ ማለት ወደ ሳንትያጎ ደ ኮምፖስቴላ፤ የሚወስደው ጥንታዊ የተሳላሚዎች መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፈረንሳይዋ ከሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር የሚነሣው 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን እግረኛ በአንድ ወር አካባቢ ይጨርሰዋል። ኤልያስ ቫሊኛ የተባሉ የሴብሬሮ መንደር ቄስ በ1984 መንገዱን በቢጫ ቀስት ምልክት ማድረግ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚሄድ ሰው መንገድ ይጠፋኛል ብሎ አይፈራም። ተሳላሚው በየማደሪያው ማኅተም የሚያስመታበት ደብተር ይይዛል፤ በብዙዎቹ የሕዝብ ማደሪያዎችም የሚያድረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። እንግዲህ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፤ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉና፤ ዛሬ ማታ እግሩን ሲያክም ያየኸውን ሰው ነገ ከምንጭ ዳር፤ ከነገ ወዲያም በሌላ ማደሪያ ታገኘዋለህ። በአራተኛው ቀን የማታውቀው ሰው አይደለም። አንተ ቀርተህ እንደ ሆነ «ያ ሰውዬ የት ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይህን ያደረገው መንገዱ ነው፤ ዓይን አፋሩም ከዚህ አያመልጥም።

እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት ደግሞ አንድ ግድግዳ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በኢስታንቡል በ1957 የተከፈተውና መንገደኞች ፑዲንግ ሾፕ ብለው የጠሩት ምግብ ቤት በውስጡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረው፤ ወደ ካትማንዱ የሚሄዱ ወጣቶች አብሮ ሄያጅ ይፈልጉበት ነበር። የዚያ የየብስ ጉዞ ዘመን በ1979 በኢራን አብዮትና በአፍጋኒስታን ጦርነት ምክንያት አበቃ።

ታዲያ ብቻውን የሆነው ለምን ይበልጥ ይቀናዋል? ሁለት ጓደኛሞች በገበታ ሲቀመጡ ገበታው ሞልቷል፤ በራሳቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ሦስተኛው ሰው ለመግባት ድፍረት ያስፈልገዋል። ብቸኛው ግን ባዶ ወንበር አለው። ጌኦርግ ሲመል በ1908 ስለ እንግዳ ሰው ሲጽፍ፤ ሰዎች ከቅርብ ዘመድ የሚሰውሩትን ምሥጢር ለመጻተኛ እንደሚገልጹ አመልክቷል። ዚክ ሩቢንም በ1975 በቦስተን አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪዎችን አጥንቶ፤ በአመዛኙ ሰው የገለጹለትን ያህል መልሶ እንደሚገልጽ አሳይቷል። መለያየቱ የታወቀ ስለሆነ ምላስ ይፈታል። ነገር ግን ይኸው ምክንያት ወዳጅነቱን ያሳጥረዋል፤ ብዙው በደብዳቤ አይዘልቅም። ለሴት መንገደኛ ደግሞ ለወዳጅ የተከፈተው በር ለክፉ ሰውም የተከፈተ ስለሆነ ጥንቃቄዋ ከወንዱ ይበልጣል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚከብደው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከላይ የገለጽነው ሁሉ የሚሠራው መንገደኛው «ነገ ከእናንተ ጋር ልሂድ» ለማለት ሲችል ነው። የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ገና አዲስ አበባ ሳለ የሚያድርበትን ስፍራ፣ በቂ ገንዘብ መያዙን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መድን መግባቱን ማስረዳት አለበት፤ ከ2024 ጀምሮም ማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ያስከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ጉዞው በወረቀት ላይ አስቀድሞ ያለቀ ሰው በማድ ቤት ያገኘውን ወዳጅ ተከትሎ መንገዱን ለመለወጥ ይቸገራል። እንግዲህ ዓይን አፋርነት ሳይሆን ፓስፖርት ነው ወዳጅ የሚያሳጣው። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ግን የቪዛን ግዴታ ያስቀረ ስምምነት አለ። በአውቶቡስ ሞያሌ ደርሶ ወደ ደቡብ የተሻገረ ተማሪ፤ ማርሳቢት ላይ ካገኘው ሰው ጋር አንድ ቀን ልጨምር ቢል የሚያስፈቅደው ኤምባሲ የለም።