ያውቁ ኖሯል? ቁስል ሲቆጣ፣ ቁጣውስ ሲበርድ

ያውቁ ኖሯል? የአጥንትዎ መቅኔ በቀን ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጉ ኒውትሮፊሎችን ያመርታል። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ቁስል ላይ ቀድመው የሚደርሱት እነዚህ ናቸው። ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ደም ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አይደፍኑም።

ኢልያ ሜችኒኮቭ የተባለ ሩሲያዊ በ1882 (በዚህ ዓምድ ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያን ውስጥ መሲና ላይ በአንዲት የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰካ። በማግስቱ እሾሁን ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ከበውት አገኘ። ይህም መነሻ ሆኖት በ1908 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ደም በሥር ውስጥ ሲከንፍ ኒውትሮፊሉ የት እንደሚወርድ በምን ያውቃል? እንዴትስ ይቆማል? ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር መልሱ አይጠፋውም፤ ማርሽ እየቀነሰ ነው እንጂ በአንዴ ፍሬን አይረግጥም። በተቆጣው አካባቢ ያለው የደም ሥር ግድግዳ ሴሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያወጣል። ኒውትሮፊሉ እነሱን ያዝ ለቀቅ እያደረገ ይንከባለላል። ቀጥሎ ኢንተርሊውኪን 8 የሚባለው መልእክተኛ ሲነካው ኢንተግሪን የተሰኙት የራሱ መያዣዎች ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ይቆምና በግድግዳው ሕዋሳት መካከል ሾልኮ ይወጣል።

ኒውትሮፊል የዋጠውን ባክቴሪያ የሚገድልበት አንዱ መሣሪያ ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው። በቤትዎ በረኪና ውስጥ ጀርም የሚገድለውም እሱው ነው። አሲዱን የሚያዘጋጀው ማየሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ብረት ስላለበት ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ የመግልና የአክታ አረንጓዴነት ከዚህ ይመጣል። ፋርማሲ ሄዶ «አክታዬ አረንጓዴ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ስጡኝ» ማለት እዚህ ላይ ይወድቃል። ቀለሙ የሚነግረን ኒውትሮፊል መሰብሰቡን ነው፤ የጠራው ባክቴሪያ ይሁን ቫይረስ አይለይም።

የቁጣው ዋና ማብሪያ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባል ፕሮቲን ነው። በሰላሙ ጊዜ አይ-ካፓ-ቢ የሚባል ሌላ ፕሮቲን አንቆ ይይዘዋል። የአደጋ ምልክት ሲመጣ ያዡ ይፈርሳል፤ የተፈታው ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ቲኤንኤፍና ኢንተርሊውኪን የተባሉትን የቁጣ መልእክተኞች የሚያሠሩ ጂኖችን ያነቃል። አስገራሚው ነገር፣ ከሚያነቃቸው ጂኖች አንዱ የያዡ የራሱ ጂን ነው። እንደተፈታ ወዲያው የሚያስረውን ያሠራል ማለት ነው። ብዙ ሰው ነጭ የደም ሕዋስን እንደ ወታደር ብቻ ያስባል። እኔ ግን ከመዋጋቱ ይልቅ ይህ ማቆሙ ይደንቀኛል፤ ብዙ በሽታም የሚመጣው ማቆሙ ሲሰናከል ነው።

ያውቁ ኖሯል? መድኃኒት ጀርሙን ስለገደለ ብቻ በሽተኛው ሊብስበት ይችላል። በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ባክቴሪያ፣ ብርድ ባለበት ደጋና ሰው በተጨናነቀበት መጠለያ የኢትዮጵያ የረጅም ጊዜ ጠላት ነው። ፔኒሲሊን ይገድለዋል። ነገር ግን መርፌው ከተወጋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ታማሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ የሚሞትም አለ። በ1992 የታተመ በኢትዮጵያ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት በዚያች ሰዓት ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን 6 እና 8 በደም ውስጥ ተያይዘው እንደሚያሻቅቡ አሳየ።

ተመራማሪዎቹ እነዳንኤል ፈቃደ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፦ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ሰጡ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ተንቀጠቀጡ፤ ከተሰጣቸው 20 ግን 10 ብቻ። ውጤቱ በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። አንድን ሞለኪውል በመያዝ የዚህን ዓይነት መንዘፍዘፍ በሰው ላይ መከላከል እንደሚቻል የታየው እንግዲህ እዚሁ አገር ነው፤ ይህ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ ቢገባ እወዳለሁ።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ ስለዚህ ቀጣዩ ነገር ይመለከታታል። በጥሬ ጥጥ ብናኝ ውስጥ ኢንዶቶክሲን የሚባል የባክቴሪያ ቅሪት አለ። በሳንባ ውስጥ ያሉ ማክሮፌጅ የተባሉ ዋጭ ሕዋሳት በተቀባያቸው (ቲኤልአር4 ይባላል) ሲያውቁት ሕያው ባክቴሪያ የገባ ይመስላቸዋልና ኒውትሮፊሎችን ይጠራሉ። በሽታው ቢሲኖሲስ ይባላል። ልዩ ምልክቱ ሰኞ ነው፤ ሠራተኛው ከእረፍት ቀን በኋላ ሲመለስ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ይቀለዋል። በ1991 የታተመ በአንድ የኢትዮጵያ ፋብሪካ የተደረገ ጥናት፣ ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43 በመቶዎቹ ላይ አግኝቶታል።

ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ በታሪክ የሚታወቀው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለሐኪሞች ግን ቦሩ ሜዳ ማለት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ነው። ያውቁ ኖሯል? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በጣም በዝግታ የሚራባ ነው፤ አብዛኛውን የነርቭ ጉዳት የሚያደርሰው እሱን ለማጥፋት የተነሣው ቁጣ (ብግነት) ነው። ታማሚው መድኃኒቱን እየወሰደ፣ አንዳንዴም ከጨረሰ በኋላ፣ ድንገት ቆዳው ላይ የሚያሙ እባጮች ይወጡበታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ እጁ ወይም እግሩ ይደነዝዛል። ይህ «ሪአክሽን» ይባላል። በእባጮቹ ውስጥ ኒውትሮፊል ይሞላል፤ ደሙ ውስጥ ቲኤንኤፍ ይጨምራል። መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ወደ አስኳሉ ዘልቆ ያንን ኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ያዳክማል። ሳይዘገይ ከተጀመረ ነርቭ ይተርፋል። እንዲሁ በራስ ፈቃድ ቢያቋርጡት ግን ብግነቱ ሊያገረሽ ይችላል።

ያው ሆስፒታል በኮቪድ ዘመን የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆኖ ነበር። ዴክሳሜታዞን፣ የፕሬድኒሶሎን ዘመድ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ ታማሚዎችን የሞት መጠን በሲሶ እንደቀነሰ በ2020 ታወቀ። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን አልጠቀመም።

ስለ ማቆም ሌላ፦ ኒውትሮፊሎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ከቁጣ አባባሽ ቅባቶች ወጥተው ሊፖክሲን የሚባል አብራጅ ቅባት ወደማዘጋጀት ይዞራሉ። ከዚያ ራሳቸውን ይገድላሉ። ማክሮፌጅ ሬሳውን ሲውጥ ኢንተርሊውኪን 10 ያወጣና ጥገናው ይጀመራል። ሬዞልቪን የሚባሉት ሌሎቹ አብራጆች ከኦሜጋ 3 ይሠራሉ። ተልባ ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነታችን ግን ወደሚፈለገው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። የሐይቅ ቆሮሶም ከቅባታማ የባሕር ዓሣ ጋር አይወዳደርም። (ሁለቱንም ከመብላት አያግድም።)

የመጨረሻው ስለ ደም ምርመራ ወረቀት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዳፊ የሚባል ፕሮቲን ሲኖረው ኢንተርሊውኪን 8ን ከደም ላይ ይለቅማል። ብዙ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንም በርካቶች፣ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የለም፤ በዚህም ቪቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ብዙም አይመቹም። ከዚሁ ጋር የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በማይክሮሊትር ከ1,500 በታች ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ «ዝቅተኛ» ይላል፤ በዚህ ብቻ ግን ከሌላው ሰው ይልቅ በኢንፌክሽን አይጠቁም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ላይ በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ዝቅ ያለ ቁጥር በጤነኞች ዘንድ አግኝቷል።