ደመወዝ ሲጨምር ኑሮ ይሻሻላልን? የውጭ ገበያ፣ ፍልሰትና የሠራተኛው እውነተኛ ደመወዝ

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙ ቀበሌዎች የሚኖር ሥራ ፈላጊ በአብዛኛው ከፊቱ ያሉት መንገዶች የታወቁ ናቸው። በክረምትና በመኸር ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ማረምና ማጨድ አንዱ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ጎብኚዎችን ማገልገል፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኮች መሄድ ወይም በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ወደ ዓረብ አገሮች መጓዝም አሉ። አራቱም ከዓለም ገበያ ጋር የተያያዙ ናቸው። በመሆኑም የውጭ ንግድና ፍልሰት የሠራተኛውን ደመወዝ በጊዜ ሂደት ያሳድጋሉ ወይስ ይቀንሳሉ የሚለው ጥያቄ ለአካባቢው ተገልጋዮች የዕለት ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ሊለይ የሚገባው በእጅ የሚቆጠረው ገንዘብና እውነተኛው ደመወዝ የተለያዩ መሆናቸው ነው። እውነተኛ ደመወዝ የሚባለው የተከፈለው ብር በገበያ ላይ ሊገዛ የሚችለው መጠን ነው። ለአብነት አንድ የቀን ሠራተኛ ቀደም ሲል በቀን 200 ብር ይከፈለው ነበር እንበል፤ የጤፍ ዋጋም በኪሎ 50 ብር ነበር። የቀን ውሎው 4 ኪሎ ጤፍ ይገዛለታል ማለት ነው። ዛሬ 360 ብር ቢከፈለውና ጤፍ 120 ብር ቢገባ ግን የሚገዛው 3 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ደመወዙ በ80 በመቶ አድጎ ሳለ ማዕዱ በሩብ ቀንሷል። በ2014 ዓ.ም. እንደታየው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በሚሆንበት ዓመት ደመወዙ ያልተሻሻለለት ሠራተኛ፣ ማንም ሳይቀንስበት ተቀንሶበታል።

ሰሊጥን ብንወስድ ዋጋው በአብዛኛው የሚወሰነው መተማ ላይ ሳይሆን እንደ ቻይናና እስራኤል ባሉ ገዥ አገሮች ፍላጎት ነው። የውጭው ዋጋ ሲወጣ ባለሀብቱ ሰፊ መሬት ያርሳል፣ ብዙ ሠራተኛም ይፈልጋል። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ስለሚረግፍ የአጨዳው ሳምንታት ለሠራተኛው የመደራደር አቅም የሚሰጡ ናቸው፤ ከተለያየ አካባቢ የሚመጣው ሰው በበዛበት ዓመት ግን ይህ አቅም ይሳሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ወጪ አለ። ደገኛው ሠራተኛ በቆላው ለወባና ለካላ አዛር በእጅጉ የተጋለጠ ነው። ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለሕክምና የሚወጣውን፣ በሕመም ምክንያት የሚታጎሉትንም ቀናት ሳይቀንሱ የቆላውን የቀን ክፍያ ከደባርቁ ጋር ማነጻጸር ትክክለኛ ስሌት አይሆንም።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚመጡ ጎብኚዎች ከጨነቅ አልፈው አምቢኮ ያድራሉ፤ በዚህ ጉዞ መንገድ መሪው፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ጫኙ ገቢ ያገኛሉ። ጎብኚው ይዞ የሚመጣው የውጭ ምንዛሪ ሲሆን በቅሎ ጫኙ የሚቀበለው ግን ብር ነው። የብር ምንዛሪ ሲቀንስ የአገልግሎቱ ዋጋ ወዲያው ካልተስተካከለ ትርፉ የጎብኚው ወይም የአስጎብኚ ድርጅቱ ይሆናል፤ በቅሎ ጫኙ በበኩሉ ዘይትና ጨርቅ በአዲሱ ዋጋ ይገዛል። በኮሮና ወረርሽኝና ቀጥሎ በመጣው ጦርነት ጎብኚ ሲቋረጥ ደግሞ ችግሩ የክፍያ ማነስ ሳይሆን የሥራው መጥፋት ነበር። ከዓለም ገበያ ጋር መተሳሰር ገቢን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ ተለዋዋጭም ያደርገዋል።

የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተሞክሮም ተመሳሳይ ትምህርት አለው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የዓለም ታዋቂ የልብስ ኩባንያዎችን ስቧል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር አሳይቷል፤ ከገጠር ለመጣች ወጣት ይህ ከቤት ኪራይና ከምግብ ብዙም አይተርፍም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾችን ተከታትለው ያገኙት ውጤትም የፋብሪካው ገቢ ከሌላው አማራጭ እንዳልበለጠና አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ሥራውን እንደለቀቁ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የገበያ ዕድል ስትወጣ ደግሞ ውሳኔው በዋሽንግተን ተላልፎ ጫናው ሐዋሳ ላይ አረፈ።

ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገው ጉዞ ስሌቱ የተለየ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የተቆራኘ በመሆኑ 1,000 ሪያል ወደ 267 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 15,200 ብር ያህል ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ዶላር 120 ብር ሲገባ ደግሞ 32,000 ብር ይሆናል። ሆኖም ጭማሪው ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ የአገር ውስጥ ዋጋም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ቤተሰቡ በተላከው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚገዛ መታየት ይኖርበታል። በውጭ የሚሠራ ልጅ የሌለው ጎረቤት ግን የሚደርሰው ከፍ ያለው ዋጋና የቤት ኪራይ ብቻ ነው። ፍልሰት በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ሁሉንም እኩል አይነካም የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ አካባቢው የሚመጡ ሰዎችስ? በዳባት ወረዳ የአለምዋጭ የስደተኞች ጣቢያ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያን ስደተኞችን ያስተናግዳል፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኞች በሕግ ማዕቀፍ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ይህ የቀን ሠራተኛውን ክፍያ ይቀንሳል የሚለው ስጋት ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 125,000 ኩባውያን በአንድ ጊዜ ወደ ማያሚ ገብተው የከተማዋ የሰው ኃይል በ7 በመቶ ሲያድግ፣ ዴቪድ ካርድ ያካሄዱት ጥናት በነባሩ ሠራተኛ ደመወዝ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ጆርጅ ቦርሃስ ግን ቆይተው ዝቅተኛ ትምህርት ያላቸው ሠራተኞች ተጎድተዋል ሲሉ ተከራክረዋል። ከክርክሩ ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ስደተኛው ሥራ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን ገዥና ተከራይም መሆኑ ነው። ጫናው የሚበረታው ተመሳሳይ ጉልበት በሚያቀርበውና ሌላ ክህሎት በሌለው የቀን ሠራተኛ ላይ ነው፤ ባለሱቁና ቤት አከራዩ በአንጻሩ ይጠቀማሉ። ጫናው የሚረግበው አዲሱ ፍላጎት አዲስ ሥራ ሲፈጥር ሲሆን ይህም ጊዜ ይወስዳል።

በአገራችን ለግል ዘርፍ ሠራተኞች በጠቅላላው የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን ሥራ ላይ ስላልዋለ የውሉ ይዘት ከፍተኛ ዋጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ሁኔታ የሚገልጽ ፊርማ ያረፈበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪው በአሠሪው እንደሚሸፈን በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ተደንግጓል፤ ስለዚህ ለእነዚህ ክፍያ ሲጠየቁ ከመክፈልዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቀርበው ያረጋግጡ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ከቆላ የተመለሰ የወቅት ሠራተኛ የሠራባቸውን ቀናትና የተስማማበትን ክፍያ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ሳይዘገይ ማመልከት ይኖርበታል።