እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ሰደድ እሳት ጠፋ ሲባል እያገረሸ የጓሳ ሣሩንና የአስታ ቁጥቋጦውን ፈጀ። ገበሬው፣ ወጣቱና የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ ቅጠልና አካፋ ይዘው ከገደል ገደል ሲታገሉ ሰነበቱ። ሚያዝያ ላይ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች መጡ። ያን ጊዜ የተሰማው ቁጭት «የራሳችን ሄሊኮፕተር ቢኖረን ኖሮ» የሚል ነበር። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ ይሁንና ከሁሉ በፊት የጎደለን፣ እሳቱ ገና የአንድ ማሳ ጥግ ሳያልፍ ከቦታው የሚደርስ፣ የሠለጠነና መሣሪያ የያዘ ጥቂት ሰው ይመስለኛል።

ይህን በደንብ የሚያስረዳው በፓራሹት እየዘለሉ ሰደድ እሳት የሚያጠፉ ሰዎች ሥራ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1940 ሥራውን ጀመሩት። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መንገድ በሌለበት ጫካ መብረቅ አንድ ዛፍ ሲያቃጥል ጥቂት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ከደረሱ ያጠፉታል፣ በእግር ተጉዘው በሦስተኛው ቀን ከደረሱ ግን መቶ ሰውም አይበቃውም። ዘላዮቹ መሬት ከረገጡ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ለእኛ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ ውኃ የላቸውም። በመጥረቢያና በዶማ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፣ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅላሉ፣ ባዶ አፈር እስኪወጣ ቆፍረው እሳቱን በመስመር ይከቡታል። ነበልባሉ ከከሰመም በኋላ ጓንታቸውን አውልቀው የእጃቸውን ጀርባ ወደ አመዱ እያስጠጉ ውስጥ ለውስጥ የሚጨስ ሥር ይፈልጋሉ፤ ሙቀት ከተሰማቸው እዚያው ይቆፍራሉ። ከሄሊኮፕተር በገመድ የሚወርዱትም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ከአየር የሚረጨው ውኃ ነበልባሉን ያበርዳል፣ ለቆፋሪውም ፋታ ይሰጣል። ከሥር ሆኖ መስመሩን የሚዘጋ ሰው ከሌለ ግን የረጠበው ሣር ደርቆ እንደገና ይነዳል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። በሰሜን ተራሮች ያለውን የግጭ አምባን በመሰለ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሠላሳ በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ሄሊኮፕተሩ የሚያነሣው ጭነትም በእጅጉ ይቀንሳል። ሰው ሊቆምበት በማይችል ገደል ላይ ግን ሌላ አማራጭ የለምና፣ አገሪቱ በበጋ ወራት ለዚህ ዝግጁ የሆነ ሄሊኮፕተር ያስፈልጋታል። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠልም የውጭ ባለሙያዎች መጥተው ነበር፤ ያም ሆኖ የጠፋው ደን ከ150 ሺህ ሄክታር በላይ እንደሆነ ይገመታል። እርዳታ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ እሳት አይጠብቅም።

አሁን በሰሜን ወሎ ወደምትገኘው ሀብሩ ወረዳ እንምጣ። ከውርጌሳ በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው አስፋልት ከተራሮቹ ግርጌ ያልፋል፤ የእሳት አደጋ መኪና ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ሸንተረሩን አይወጣም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በወሎ ብዙ የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ እርከን ተሠርቶለታል፣ ችግኝም ተተክሎበታል። ይህ ትልቅ ድካም ነው። ነገር ግን ከብት ያልገባበት ሣር ካልታጨደ በበጋ የሚነድ ድርቆሽ ይሆናል፤ በልግ የቀረ ዓመትማ ድርቁ እስከ ክረምት ይዘልቃል። እሳት ደግሞ ሽቅብ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ እያደረቀ ስለሚወጣ ከሚሮጥ ሰው ይፈጥናል።

«ሕዝቡ ጡሩንባ ሲነፋ ይወጣ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይወጣል፣ ሁልጊዜም ወጥቷል። ግን በድፍረት ብቻ ወደ ነበልባል መሮጥ ሰው ይፈጃል። በአሜሪካ ሞንታና ማን ጋልች በተባለ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 እሳቱ ሽቅብ አሳድዶ 13 ሰዎች ገደለ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የሠለጠኑ ዘላዮች ነበሩ። ሥልጠና ያላቸው እንዲህ ከሆኑ፣ ነፋሱን የሚጠብቅ ሰው ሳያቆምና መሸሻ ሳይለይ የሚወጣ ጎረምሳ ምን ያህል እንደሚጋለጥ መገመት አያዳግትም።

የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሳት የአርብቶ አደሩና የገበሬው መሣሪያ ነው፣ ሁሉንም ማጥፋት ተገቢ አይደለም የሚል። እውነት ነው። በባሌ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አርብቶ አደሩ አስታውን በየተራ በሚያቃጥልበት ስፍራ ገና ያቆጠቆጠው አስታ እሳት ስለማይዝ ቃጠሎውን ያቆመዋል። ስለዚህ በየቀበሌው ሊቋቋም የሚገባው፣ እሳት ለማጥፋት የሠለጠነ ቡድን እነዚህን ሰዎች በወንጀለኛ ዓይን ማየት የለበትም፤ ነፋሱንና ሣሩን የሚያውቁ እነሱ ናቸውና አሠልጣኞቹ ሊሆኑ ይገባል። ወሎ ለዚህ ቅሬን የመሰለ፣ ሰው ሲሞት በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ማኅበር አለው። ከእያንዳንዱ ቅሬ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ጠንካራ ጫማና ስልክ ቢሰጣቸው፣ ለሚውሉበትም ቀን አበል ቢታሰብላቸው፣ ጥር ሳይገባ የተከለለው ተራራ ሣር ታጭዶ ለከብት ይወርዳል፤ በሸንተረሩ ላይም ባዶ አፈር ያለው መስመር አስቀድሞ ይወጣል።